በትልቁ ቁና ገዝቶ በትንሹ መሸጥ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ ክርና መቀስ ከሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ላይ፣ አንቴናው በሽቦ የተቀጠለ ሬዲዮ አለ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዜና ይሰሙበታል። በደርግ ጊዜ ድምፁን ቀንሰው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያዳምጡት እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረውኛል።

መጋቢት 2017 ረመዳን ነበር። ለዒድ የሚሰፋው ልብስ ስለበዛባቸው ከተራዊሕ በኋላም ሱቃቸውን አይዘጉም። አንድ ማታ ጎራ ስል ሬዲዮውን በመዳፋቸው ይመቱታል። "ባትሪ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ባትሪ አልነበረም። ትራምፕ በፈረመው ትዕዛዝ ምክንያት ዋሽንግተን ያሉት የጣቢያው ሠራተኞች እቤታችሁ ተቀመጡ ተብለው ነበር። ዋይት ሐውስ ባወጣው መግለጫ ጣቢያውን "የጽንፈኛዋ አሜሪካ ድምፅ" ብሎ ሰየመው። ክሱ ወገንተኝነት ነው። በግብር ከፋዩ ገንዘብ የግራ ዘመሞችን አጀንዳ ያራምዳል የሚል።

"ታዲያ እኛ ምን አደረግናቸው?" አሉ ጋሼ።

ያን ማታ በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ሻይ ጠጥቼ፣ "የእነሱ የውስጥ ጣጣ ነው" ብዬ ወጣሁ። ነገር ግን ጣጣው ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ደሴ ድረስ የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ማየቱ አይከፋም። (የአሜሪካውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የእኛን በእኛ።)

ከአዮዋ የተነሳ ክስ

በኖቬምበር 1969 የፕሬዚዳንት ኒክሰን ምክትል ስፒሮ አግኒው አዮዋ ግዛት ሄዶ አንድ ንግግር አደረገ። ከ10 ቀን በፊት ኒክሰን ስለ ቬትናም ጦርነት በቴሌቪዥን ተናግሮ ነበር። ንግግሩ ገና እንዳለቀ የጣቢያዎቹ ተንታኞች ይበልቱት ጀመር። አግኒውን ያናደደው ይህ ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የሚባሉት ጣቢያዎች ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ብቻ ነበሩ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህን ይመስላል፦ ማንም ያልመረጣቸው፣ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ተቀምጠው እርስ በርስ የሚሰማሙ ጥቂት ሰዎች፣ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ምን ማወቅ እንዳለበት ይወስናሉ።

አግኒው ራሱ ከ4 ዓመት በኋላ በግብር ማጭበርበር ተከሶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከሳሹ ወደቀ፣ ክሱ ግን ቆመ። የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ዛሬም ድረስ የሚሉት በመሠረቱ እሱኑ ነው።

ያኔ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የተለያየ ሐሳብ እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። በ1949 የወጣ ነው። በ1987 ተሻረ። በዓመቱ ረሽ ሊምቦ የሚባል የሬዲዮ ሰው በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ። በ1996 ፎክስ ኒውስ ተከፈተ። ወግ አጥባቂዎቹ "የእናንተው ሚዛን ካልተስተካከለ የራሳችንን እንሠራለን" ያሉበት ዘመን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክሱ ከባዶ የተነሳ አይደለም። የአሜሪካ ጋዜጠኞችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠና የቆየ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳሰሳ አለ። በ1971 ከ100 ጋዜጠኞች 26 ገደማ የሚሆኑት የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ፣ የሪፐብሊካን ደጋፊ ነን ብለው ነበር። በ2022 ግን ከ100 አራት እንኳ አልሞሉም፤ 3.4 በመቶ። ዴሞክራት ነኝ ያለው 36 በመቶ ነው። የቀረው በአብዛኛው ከማንም አይደለሁም ያለ ነው። በ2024 ደግሞ ኤንፒአር በሚባለው የሕዝብ ሬዲዮ ለ25 ዓመት የሠራ ዩሪ በርሊነር የተባለ አርታኢ የራሱን ቤት ጉድ ጻፈ። ዋሽንግተን ባለው የዝግጅት ክፍል በመራጭነት የተመዘገቡትን ቆጠርኩ አለ። 87 ዴሞክራት፣ ዜሮ ሪፐብሊካን። ጣቢያው ያለ ደመወዝ አገደው፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ለቀቀ።

ዴሞክራት መሆን ብቻውን ዜና ያጣምማል ማለቴ አይደለም። ጥሩ ጋዜጠኛ ፓርቲውን በር ላይ አስቀምጦ ይገባል። ችግሩ ሌላ ነው። 87 ሰው አንድ ዓይነት ሲያስብ "ቆይ እስቲ" የሚል ሰው ይጠፋል። አብሮ የሚጠጣ የቡና ማኅበር እንኳ አንድ ነገረኛ ያስፈልገዋል።

ሕዝቡም አዝማሚያውን ሳያይ አልቀረም። ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ለኪ ድርጅት በ1976 ሲጠይቅ 72 በመቶው አሜሪካዊ ሚዲያውን አምናለሁ ብሎ ነበር። በ2025 ወደ 28 በመቶ ወረደ። ከሪፐብሊካኖች መካከል ብቻ ሲቆጠር 8 በመቶ ነው። ከ100 ስምንት!

ቁናው

ሰኞ ገበያ እህል ገዝቶ የሚያውቅ ሰው የሚከተለው ነገር አይጠፋውም። አንዳንድ ነጋዴ እህል ውስጥ ድንጋይ አይጨምርም፣ አፈር አይቀላቅልም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ከገበሬው ሲገዛ ቁናውን ይቆልላል፣ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ደግሞ ይቆልላል። ለእኛ ሲሸጥ በዚያው ቁና ይሰፍርና በመዳፉ ከላይ ጠረግ ያደርገዋል። እህሉ ንጹሕ ነው። ቁናውም ያው ቁና ነው። ግን ተበልተናል። በሌላ ስሙ በትልቅ ቁና ገዝቶ በትንሽ መሸጥ ይባላል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም እኩል የሚያወግዙት ነገር ነው።

የወግ አጥባቂዎቹ ክስ በጠንካራ ጎኑ ሲታይ ይህ ነው። "ሚዲያው ይዋሻል" የሚለው ተራ ጩኸት ነው፤ ከየትኛውም ወገን ይሰማል። ጠንካራው ክስ "እውነቱን ይሰፍራል፣ ግን ለእኛ ሲሆን ይጠርጋል፣ ለእነሱ ሲሆን ይቆልላል" የሚለው ነው። የቱ ዜና ቀድሞ ይወጣል? የቱ ለማጣራት ሳምንት ይቆያል? ለየትኛው ሰው "የተባለው" የሚል ቃል ይቀጸላል?

የሚቀልዱባት አንዲት ግስ እንኳ አለች። ሪፐብሊካን ሲያጠፋ ዜናው ጥፋቱ ነው ይላሉ። ዴሞክራት ሲያጠፋ ግን ርዕሱ "ሪፐብሊካኖች ተረባረቡበት" ይሆናል። አጥፊው ይጠፋና ከሳሾቹ ዜና ይሆናሉ። ይህቺን ቀልድ ከሰማሁ ወዲህ ርዕስ ሳነብ ግሱን ሳልፈትሽ አላልፍም።

ሁለት ወረቀቶች

ከምሳሌዎቹ ሁሉ እኔን ያሳመነኝ የሁለት ወረቀቶች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2017 ወጣ። ትራምፕ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ቀናት ሲቀሩት፣ በዝፊድ የሚባል ድረ ገጽ 35 ገጽ ሰነድ ለቀቀ። ሰነዱን ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ስቲል የሚባል የቀድሞ የእንግሊዝ ሰላይ ነው። ትራምፕ የሩሲያ ምርኮኛ እንደሆነ ይተርካል። ገንዘቡ በሕግ ቢሮ በኩል የመጣው ከሂላሪ ክሊንተን ዘመቻና ከዴሞክራት ፓርቲ እንደሆነ ኋላ ታወቀ። በዝፊድ ራሱ ሲያወጣው "ያልተረጋገጠ ነው" ብሏል። ቢሆንም ቴሌቪዥኑ ከ2 ዓመት በላይ ሲያኝከው ከረመ። በ2019 ልዩ መርማሪው ሮበርት ሙለር ሥራውን ሲጨርስ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ ጋር ማሴሩን አላረጋገጥኩም አለ። በ2021 ዋሽንግተን ፖስት ስለ ሰነዱ ከጻፋቸው ዘገባዎች የተወሰነውን አረመ፣ ቆርጦም አወጣ።

ሁለተኛው በኦክቶበር 14 ቀን 2020 ወጣ። ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኒው ዮርክ ፖስት የጆ ባይደን ልጅ ሃንተር ጥገና ቤት ጥሎት ከሄደው ላፕቶፕ የተገኙ ኢሜይሎችን አተመ። ትዊተር ሊንኩን ማንም እንዳያጋራው አገደ። የጋዜጣውን አካውንት ሁለት ሳምንት ገደማ ቆለፈ። ፌስቡክ ስርጭቱን ቀነሰ። 51 የቀድሞ የስለላ ሰዎች ነገሩ የሩሲያ ሥራ እንደሚመስል ደብዳቤ ጻፉ፤ ማስረጃ እንደሌላቸው እዚያው ደብዳቤ ላይ አምነዋል። ብዙ ትልልቅ ቤቶች ግን ማስረጃ የለንም የሚለውን ትተው "የሩሲያ ሥራ ይመስላል" የሚለውን ያዙ። በ2022 ኒው ዮርክ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት ከኢሜይሎቹ መካከል እውነተኞች እንዳሉ አረጋገጡ። በ2024 ሃንተር በጦር መሣሪያ ክስ ሲዳኝ ያው ላፕቶፕ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያው ዓመት የፌስቡኩ አለቃ ዙከርበርግ ለአሜሪካ ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ስርጭቱን መቀነስ አልነበረብንም ብሎ አመነ።

ሁለቱም ወረቀቶች በወጡበት ቀን ያልተረጋገጡ ነበሩ። አንዱ ተቆለለ። ሌላው በመዳፍ ተጠረገ።

እዚህ ላይ ግን ለአርታኢዎቹም አንድ ነገር ልበል። በ2016 ሩሲያ የዴሞክራቶችን ኢሜይል ሰርቃ መበተኗ የተረጋገጠ ነው፤ ሙለርም ይህን ጽፏል። አርታኢዎቹ ያኔ መጠቀሚያ ሆነናል ብለው ተቃጥለው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። ጥያቄዬ ፍርሃቱ ለምን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሠራ የሚለው ነው። ወግ አጥባቂዎቹም በበኩላቸው ያንን ላፕቶፕ ከልኩ በላይ ቆልለውታል። አባትየውን ጉቦኛ ያደርገዋል ብለው በምክር ቤቱ ረጅም ምርመራ ከፈቱ። ባይደንን ለመክሰስ ድምፅ እንኳ ሳይሰጡ ነገሩ ተዘጋ።

እሳትና ጸሎት

ሌሎቹን ምሳሌዎች ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በኦገስት 2020 ኬኖሻ በምትባል ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ተኩሶ ካቆሰለ በኋላ አመፅ ተነሳ። የሲኤንኤን ጋዜጠኛ የሚነድ ነገር ከኋላው አድርጎ ቆሟል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ጽሑፍ "እሳታማ፣ ግን በአብዛኛው ሰላማዊ" ይላል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ክረምት ከተካሄዱት ሰልፎች አብዛኛዎቹ በሰላም ነው ያለቁት። ግን ቤት ከኋላህ እየነደደ አማካይ አይሰላም። ወግ አጥባቂዎች "የእኛ ሰልፍ እንዲህ ቢነድ 'በአብዛኛው ሰላማዊ' ትሉን ነበር?" ብለው ሲጠይቁ መልስ መስጠት ከባድ ነው።

በዚያው ወቅት ቤተ ክርስቲያን በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ሰልፉ ሲነሳ ግን ከ1,000 በላይ የጤና ባለሙያዎችና ደጋፊዎቻቸው ፀረ ዘረኝነት ሰልፍ በኮሮና ሰበብ መከልከል የለበትም፣ የእንቅስቃሴ ገደብ ከሚቃወመው ሰልፍ ተለይቶ መታየት አለበት ብለው ፈረሙ። ሰልፉ ትክክለኛ ዓላማ ነበረው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ ይህን ሲያነብ ይጎረብጠዋል። በ2012 ረመዳንን ያለ መስጊድ፣ ፋሲካን ያለ ቅዳሴ ቤታችን ያሳለፍን የደሴ ሰዎች የአሜሪካው ምዕመን ለምን እንደተቆጣ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ቫይረስ ዓላማ አይመርጥም።

የባይደን ዕድሜም አለ። በፌብሩዋሪ 2024 ልዩ መርማሪው ሮበርት ሁር ስለ ምስጢራዊ ሰነዶች ባወጣው ሪፖርት ባይደን የማስታወስ ችግር ያለበት አዛውንት ሆኖ እንደሚታይ ጻፈ። ብዙ ዘጋቢዎችና ተንታኞች የተረባረቡት በመርማሪው ላይ ነው። በጁን መጀመሪያ ዎል ስትሪት ጆርናል የፕሬዚዳንቱን መድከም ሲጽፍ ጋዜጣው ራሱ ተወቀሰ። በጁን 27 ባይደን ከትራምፕ ጋር ለክርክር ሲቆም መላው ዓለም አየ። ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጣ። ተራው መራጭ በስልኩ ያየውን ነገር ባለሙያዎቹ "ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ ነው" ሲሉት ከርመው ነበር። ሰው ዓይኑን ከሚጠራጠር ጋዜጣውን መጠራጠር ይቀለዋል።

የከሳሹ ቁና

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ።

በፌብሩዋሪ 2016 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ሞተ። ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን አጨ። የሴኔቱ ሪፐብሊካን መሪ ሚች ማኮኔል "የምርጫ ዓመት ነው፣ ሕዝቡ ይወስን" ብሎ ወራት ሙሉ በሩን ዘጋ። በሴፕቴምበር 2020 ዳኛ ሩት ጊንስበርግ ሞተች። ምርጫው ሳምንታት ቀርተውታል። ያው ማኮኔል፣ በያው ሴኔት፣ የትራምፕን እጩ ኤሚ ባሬትን ከምርጫው 8 ቀን በፊት አጸደቀ። ልዩነቱን ለማስረዳት ሰበብ አላጣም፤ ያኔ ፕሬዚዳንቱና ሴኔቱ ከተለያየ ፓርቲ ነበሩ አለ። ገበያ ላይ የሚጠርገውም ነጋዴ ሰበብ አያጣም።

ሂላሪ ክሊንተን የመንግሥት ሥራዋን በግል ኢሜይል በመሥራቷ በ2016 ሪፐብሊካኖች "ትታሰር!" እያሉ አዳራሽ ሲያናውጡ ነበር። በማርች 2025 የትራምፕ ባለሥልጣናት የመን ላይ ስለሚደረግ የአየር ጥቃት ሲግናል በሚባል የስልክ መተግበሪያ ሲያወሩ ተገኙ። የአትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅን በስህተት ግሩፑ ውስጥ ጨምረውት ነበር። መከላከያ ሚኒስትሩ ሄግሴት በ2016 ፎክስ ላይ ቀርቦ ክሊንተንን ሲኮንን የነበረ ሰው ነው። የያኔዎቹ ጯሂዎች አብዛኞቹ "ትንሽ ስህተት ናት" አሉ። በአንጻሩ የክሊንተኑን ኢሜይል "ምን አለበት" ያሉ ሊበራሎች አሁን አገር ይያዝ አሉ። ቁናው እጅ ተለዋወጠ እንጂ አልተስተካከለም።

ፎክስም አለ። "የራሳችንን ሚዛን እንሠራለን" ብለው የከፈቱት ቤት። ከ2020 ምርጫ በኋላ ዶሚኒየን የሚባለው የድምፅ መቁጠሪያ ማሽን ድርጅት ድምፅ ሰርቋል የሚል ወሬ አስተናገደ። በክሱ ሂደት የጣቢያው ሰዎች በስልክ የተለዋወጡት መልእክት ሲወጣ፣ በአየር ላይ ያስተናገዱትን ወሬ በግላቸው እንደማያምኑት ታየ። በኤፕሪል 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ይህ ጠረግ ቆለል ማድረግ አይደለም። ይህ እህሉ ውስጥ ድንጋይ ነው።

ሚዛኑን ማስተካከል ወይስ መንጠቅ

ትራምፕ ሁለተኛ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ትችት የነበረው ቅጣት ሆነ። በዲሴምበር 2024 ኤቢሲ ትራምፕ የከፈተበትን የስም ማጥፋት ክስ ለመዝጋት 15 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በጁላይ 2025 የሲቢኤስ ባለቤት ፓራማውንት 16 ሚሊዮን ከፈለ። በዚያው ወር የሪፐብሊካኑ ምክር ቤት ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። በሴፕቴምበር የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኃላፊ ብሬንደን ካር በኮሜዲያኑ ጂሚ ኪመል ንግግር ተቆጥቶ ጣቢያዎቹን አስፈራራ። ኤቢሲ ፕሮግራሙን ለቀናት አወረደው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ደስ አሰኝቶኛል። ሴናተር ቴድ ክሩዝ የለየለት ወግ አጥባቂ ነው፣ ኪመልንም አይወደውም። ግን የካር ማስፈራሪያ የማፍያ አነጋገር ነው አለ። ዛሬ እኛ ይህን ካደረግን ነገ ዴሞክራቶች ሲመጡ በእኛው ላይ ያደርጉታል አለ። ስለ ራሱ ወገን ሲሆን ቁናውን ያልጠረገ ሰው ከተገኘ ስሙን ማንሳት ተገቢ ነው።

ወገንተኛ ጣቢያን መተቸት ሌላ ነው። ሌላ ጣቢያ መክፈትም ሌላ ነው። የመንግሥትን እጅ ይዞ ጣቢያ መዝጋት ግን ከሁለቱም አይገጥምም። ነጋዴው ሲሰርቀኝ ገበያተኛውን እጠራለሁ እንጂ ቁናውን ነጥቄ እቤቴ አልወስድም። የጋሼ ሬዲዮ የጠፋው ከዚህ የተነሳ ነው። ለጥያቄያቸው መልሱ "ምንም አላደረጋችሁም" ነው። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል በኪመል ቀልድ ውስጥ የለበትም፣ በላፕቶፑም ውስጥ የለበትም። ዝሆኖች ሲጣሉ የተረገጠ ሣር ነው።

ስለ እኛ ካነሳን

አሜሪካኖቹን ብቻ እየወቀስኩ ብጨርስ የጋዜጣውን ስህተት ደገምኩት ማለት ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ቅዳሜ ነበር። ህወሓት ደሴን ያዝኩ አለ። መንግሥት በዚያው ቀን አስተባበለ። ሰዉ ደግሞ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በሐረጎ በኩል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይተም ነበር። የትኛውን መግለጫ ሰምቶ እንደሚወጣ ያጣ ሰው፣ በመጨረሻ የሰማው የጎረቤቱን በር መዘጋት ነው። ከተማዋ ኅዳር 27 እስክትመለስ ድረስ ያለፈውን እዚህ የነበረ ያውቀዋል።

በዚያ ኅዳር "በቃ" የሚለው ዘመቻ ተጀመረ። የውጭ ሚዲያው አንዱን ወገን ብቻ ያያል፣ በአማራና በአፋር የደረሰውን ይጠርጋል የሚል ነበር። ክሱ ውስጥ እውነት ነበረ። የወሎ እናት ለቅሶ የውጭ ካሜራ ዘንድ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። ግን እኔም ሆንኩ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ከዚያ በፊት በትግራይ ስለተፈጸመው ግፍ ሲወራ ያልነው ምን ነበር? "የፈረንጅ ፈጠራ ነው።" የእኛ ሲሆን ያንኑ ፈረንጅ "ለምን አትዘግብም" አልነው። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም።

የአሜሪካው ጠብ ወደ እኛ የሚደርሰው ደግሞ ተተርጉሞ ነው። አንድ የአማርኛ ዩቲዩብ ከፎክስ ይቀዳል። ሌላው ከሲኤንኤን ይቀዳል። ከየት እንደቀዳ አይነግረንም። ርዕሱ ላይ "ጉድ ፈላ!" ይጨምርበትና ይለቀዋል። ኮምቦልቻ ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ ትራምፕ የሚከራከር ሰው ሳያውቀው የሁለት የአሜሪካ ጣቢያዎችን ክርክር በአማርኛ እየደገመ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ጋሼ አሁን ዜና የሚሰሙት በእህታቸው ልጅ ስልክ ነው። ትራምፕን ይወዱታል። ስለ ጾታ ጉዳይ የሚናገረው ደስ ይላቸዋል፤ "እሱ እንኳ አላህን ይፈራል" ይላሉ። (በዚህ ተከራክረን ተስማምተን አናውቅም።) ባለፈው ሄጄ ያንን ዕዳ የነበረብኝን መልስ ከአዮዋ ጀምሬ አወራኋቸው። መሐል ላይ የህዳሴ ግድብ ተነሳ። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወራ ግብፆች ግድቡን ሊያፈነዱት እንደሚችሉ የተናገረውን አነሳሁባቸው።

"ቆርጠውት ነው" አሉ ወዲያው።

መቁረጥስ ይቆርጣሉ። ቢቢሲ በ2024 ባሰራጨው ዘጋቢ ፊልም ትራምፕ በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካደረገው ንግግር ከ50 ደቂቃ በላይ የሚራራቁ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ገጣጥሞ አንድ ትንፋሽ አስመስሏል። በኖቬምበር 2025 ነገሩ ሲወጣ ዋና ዳይሬክተሩና የዜና ኃላፊዋ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ጣቢያውም ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ መቀሱን እንደያዙ "አላልኩህም!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከብሪታንያ ጣቢያ የማይጠበቅ ያልተቆለፈ ስፌት ነው።

የግድቡ ንግግር ግን ጋዜጠኞች ቢሮው ውስጥ ቆመው፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ የተደረገ ነው። ረጅሙን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ልጁ እየተረጎመ አዩት። ጋሼ የሚሰፉትን ኮት ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ድገመው" አሉ። ደገምነው።

"እንግዲህ ... ቀልዶ ይሆናል።"

"ጋሼ፣ ይህንኑ ባይደን ብሎት ቢሆንስ?"

መልስ አልሰጡም። ኮቱን ወደ መርፌው አስጠጉ፣ ፔዳሉን አንዴ ረገጡት፣ አቆሙ። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

"አብሽር ልጄ፣ አስቀመጥኳት ቁናዋን" አሉ፣ "ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘብህ።"